ፎርማ፣ ጋዜጣ ወይስ አናጢ? ስለ ቆዳ ቡትስ አያያዝ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ወንድሜ ከአሜሪካ ሬድ ዊንግ የሚባል የቆዳ ቡትስ አምጥቶልኛል። ቁጥሩ 43 ነው። በጣም ስለምወደው በየቀኑ ነው የማደርገው። ዓመት ሳይሞላው ግን ፊቱ ተጨማደደ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውስጡ ሻጋታ አወጣ። ጓደኛዬ የእንጨት ፎርማ አስገባበት ይላል። ሊስትሮዬ ደግሞ ፎርማ ጫማ ያሰፋል፣ ዝም ብለህ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት አለኝ። ወንድሜ ለገና ይመጣል። ላስመጣ ወይስ እዚሁ አናጢ ላሠራ? ካስመጣሁስ የትኛውን? የባለቤቴ ረጅም ቡትስም አንገቱ እየወደቀ አስቸግሯታል፣ ለእሱም አንድ ነገር ቢሉኝ።»

ሰላም ወንድሜ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። አዎ፣ አስመጣ። አንድ ጥንድ ይበቃሃል። ግን ሳትለካ እንዳታዝ። የእንጨቱ ዓይነት ላይም ብዙ ራስህን አታድክም። ሰው ሁሉ «ሲዳር ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ልኩ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ጫማ የሚያበላሸው ደግሞ ልኩ ያልሆነው ነው።

ሊስትሮህ አልዋሸህም። እሱ የሚያውቀው ፎርማ ሌላ ነው። ጫማ ጠበበኝ ስትል ጫማ ሠሪው አስገብቶ በብሎን እያጠበቀ የሚያሳድርበት ማስፊያ አለ። የዚያ ሥራው ቆዳውን መለጠጥ ነው። ሌላም አለ፣ ጫማ ሲሠራ ቆዳው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ያለው ድፍኑ ፎርማ። መርካቶ ጫማ ሠሪዎች ጋ በየቁጥሩ ተደርድሮ ታየዋለህ። አንተ የምትፈልገው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ጫማህን ስታወልቅ የምታስገባው፣ መሃሉ ላይ ሞላ ያለው፣ ቆዳውን በነበረበት ቅርጽ የሚያቆየው። ይሄኛው በልኩ ከሆነ ጫማ አያሰፋም። ከልክ በላይ ከሆነ ግን ያሰፋል፣ እዚያ ላይ ሊስትሮህ እውነቱን ነው።

ለመሆኑ ቡትስህ ለምን ተጨማደደ? እግር ያልባል። ቡትስ ደግሞ ቁርጭምጭሚትህን ጭምር ስለሚሸፍን ውስጡ ያለው ርጥበት የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም። ላቡን የሚጠጣው የውስጥ ሶሉና ገበሩ ነው። ማታ አውልቀህ በር ጥግ ትጥለዋለህ፣ ሌሊቱን ይደርቃል። ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ የደረቀበትንም ቅርጽ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ስትራመድ ጫማው የሚታጠፈው ጣቶችህ በሚጀምሩበት መስመር ላይ ስለሆነ፣ እንደታጠፈ ከደረቀ እጥፋቱ እየጠለቀ ይሄዳል፣ የውስጥ ሶሉም አብሮ ሲሰበሰብ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስበዋል። ያንተ ቡትስ የደረሰበት ይኸው ነው። ፎርማው የሚያደርገው ሌላ ተአምር የለም። ቆዳው በሚደርቅባቸው ሰዓታት ውስጥ ፊቱን ዘርግቶ፣ ሶሉን አስተኝቶ ይይዘዋል። በቃ።

ስለዚህ የተጨማደደው ሁሉ ይጠፋልኛል ብለህ አትጠብቅ። የቆዳ ቡትስ መስመር ማውጣቱ አይቀርም፣ እንዲያውም ያምርበታል። የምንፈራው መስመሩን ሳይሆን ስንጥቁን ነው። እጥፋቱ ሲጠልቅ አቧራና ጭቃ ውስጡ ይገባል፣ ስትራመድ ያ አቧራ ቆዳውን ይፈገፍገዋል፣ ከውስጥ ደግሞ የላብህ ጨው ያደርቀዋል፣ አንድ ቀን ታያለህ መስመሩ አፍ አውጥቷል። አንዴ ከተሰነጠቀ የማንም ፎርማ አይመልሰውም።

አሁን ወደ እንጨቱ። አሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ሲዳር የሚባል ቀላ ያለ፣ መዓዛ ያለው እንጨት ነው። እሱ ራሱ የጥድ ወገን ነው፣ የእኛ የሐበሻ ጥድ ዘመድ። ቀላል ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ቫርኒሽ ስለማይቀባ ትንሽ ርጥበት ይጠጣል። ትንሽ ያልኩት አውቄ ነው። ሻጮች ላቡን በሙሉ የሚመጠው እንጨቱ አስመስለው ያወራሉ። ከቡትስህ የሚወጣው ርጥበት አብዛኛው የሚሄደው ወደ አየር ነው፣ በአንገቱ በኩልና በቆዳው በራሱ። እንጨቱ ያግዛል እንጂ ስፖንጅ አይደለም። ቢች የሚባለው ጠንከር ያለ እንጨት ተቀብቶ አንጸባርቆ የሚሸጥም አለ። ርጥበት አይጠጣም፣ ቅርጽ ግን አሳምሮ ይይዛል። ስለዚህ በልክህ የሆነ ቢች ከተገኘና ሲዳሩ ልክህ ካልሆነ፣ ቢቹን ግዛ። ሰው በዚህ ይከራከረኛል፣ ይከራከር።

ሲዳሩን ከገዛህ ከወራት በኋላ ሽታው ይደክማል። በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ቀለል አድርገህ ፈግፍገው፣ ይመለሳል። ዘይትም ሽቶም አትጨምርበት፣ ቆዳው ላይ ይወርሳል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ልክ። በአውሮፓ ቁጥር በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፎርማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ቁጥር እያጣመረ ነው የሚሸጠው፣ 42ና 43 አንድ ላይ፣ 44ና 45 አንድ ላይ እያለ። በሞላው ይካካሳል ተብሎ ነው። ለርዝመቱ እውነት ነው፣ ለስፋቱ ግን ሞላው አይረዳህም። ስፋቱን የሚያስተካክለው ፊቱ ለሁለት የተሰነጠቀው ዓይነት ነው። ፊቱ መሃል ለመሃል ተቆርጦ በመካከሉ ትንሽ ሞላ ይገባበታል፣ ጫማው ውስጥ ሲገባ እንደ ስፋቱ ይከፈታል። አንተ ይሄንን ነው የምትፈልገው። ፊቱ ድፍን የሆነው ቁርጥ ለጫማህ ካልተሠራ በቀር ወይ ይላላል ወይ ይጨንቃል።

ወንድምህ የአሜሪካ ቁጥር ይጠይቁታል። 43 ነው ብለህ ብቻ አትላክለት። ቡትስህ ውስጥ የታተመውን ፎቶ አንስተህ ላክለት፤ ከቁጥሩ አጠገብ ዲ ወይም ኢ የሚል ፊደል ታገኛለህ፣ እሱ ስፋቱ ነው። ለወንድ ጫማ ዲ መደበኛው ነው፣ ኢ ሰፊ፣ ኢ ሁለቴ ከተጻፈ የበለጠ ሰፊ። የስኒከርህን ቁጥር ደግሞ ፈጽሞ እንዳትሰጠው። እንዲህ ዓይነት ቡትስ ብዙ ጊዜ ከስኒከር ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር አንሶ ነው የሚገዛው፣ በስኒከርህ ቁጥር ካዘዝክ ሳታስበው ትልቅ ፎርማ እጅህ ገባ ማለት ነው። በሁለት ልክ መካከል ከዋለልክ ትንሹን ውሰድ። ትንሽ የላላ ፎርማ ቢበዛ ሥራውን በግማሽ ይሠራል፣ የከረረው ግን በየሌሊቱ ጫማህን ሲጎትት ያድራል።

ርዝመቱ ልክ መሆኑን የምታውቀው ሞላው ሲጨመቅ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከተጨመቀ ጥሩ ነው። ምንም ካልተጨመቀ አጭር ነው። እስከ ጥግ ከገባና ለማስገባት ጉልበትህን ከተጠቀምክ ረጅም ነው፣ መልሰው።

ቀጥሎ ተረከዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥገና ሲመጣልኝ በብዛት የማየው ጉዳት ይሄ ነው። ርካሹ ፎርማ ፊቱ ፕላስቲክ ነው፣ ከዚያ ጎበጥ ያለ የብረት ዘንግ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ አለችው። ብረቱን አጉብጠህ ኳሷን ተረከዙ ላይ ታሳርፋታለህ። የብረቱ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው በዚያች ነጥብ ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ቡኒ ቡትስ አለ፣ ከፊቱ ስታየው አዲስ ነው፣ ወደኋላ ስታዞረው የኋላ ስፌቱ መሃል ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ክብ እብጠት ወጥታበታለች፣ ስፌቱ ከቀጥታ መስመሩ ወጥቶ ጎብጧል፣ ውስጡ እጅህን ስትከት ደግሞ ገበሩ እዚያው ቦታ ላይ ሳስቷል። ሰውዬው ጫማውን ሊንከባከብ ብሎ ነው። በቆዳውና በገበሩ መካከል የተረከዙን ቅርጽ የሚይዝ ጠንካራ ማቆሚያ አለ፣ እሱ ከጎበጠ ተመልሶ አይቀናም። ሲራመድ ተረከዙ ይንሸራተትበታል፣ ካልሲው ይበላበታል።

ስለዚህ ተረከዙ ሙሉ የሆነውን ፈልግ። እንደ እግር ተረከዝ ሰፋና ከበብ ያለ፣ ከጫማው የኋላ ግድግዳ ጋር በሰፊው የሚገናኝ። ለቡትስ ተብለው የሚሠሩት ይህ ክፍል ከፍ ይላል፣ አናቱ ላይም የምትጎትትበት እጀታ ወይም ቀለበት አላቸው። ለአጭር ጫማ የሚሆነው ተረከዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቡትስ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በጣትህ ለማውጣት ትቸገራለህ። እንዲህ ሲባል ግን የአጭር ጫማው ፎርማ ለአንተ ቡትስ አይሠራም ማለት አይደለም። እንዳንተ ዓይነቱ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ፣ በክር የሚታሰር ቡትስ ከታች ያለው ክፍሉ ከአጭር ጫማ ብዙ አይለይም። የቡትሱ ፎርማ ከጠፋ ወይም ዋጋው ከተጋነነ፣ ተረከዙ ሙሉ የሆነ የአጭር ጫማ ፎርማ ግዛና ማውጫ የሚሆን ጠንካራ ክር እሰርበት።

የፊቱንም ቅርጽ እይ። ሬድ ዊንግ አፍንጫው ክብና ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ሹል አፍንጫ ያለው ፎርማ ጣቶችህ ያሉበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ሴፍቲ ጫማ የሚያደርጉ ወንድሞች ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ አፍንጫው ውስጥ ያለው ብረት ቦታ ስለሚይዝ ጠበብ ያለ ፊት ነው የሚያስፈልጋቸው። እነሱ አፍንጫው አይጨማደድባቸውም፣ ከብረቱ ኋላ ያለው ነው የሚታጠፈው፣ ፎርማው እዚያ መድረሱን ነው ማየት ያለባቸው። ከስክስ ጫማ ላይም የምለው ለቡትስህ ከምለው አይለይም። ላስቲክ ያለውን ቼልሲ ለሚያደርጉ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከፍ ያለና ወፍራም ተረከዝ ያለው ፎርማ ላስቲኩን ወጥሮ ካሳደረው ላስቲኩ ይላላል። ላስቲኩን የማይነካ ቀጭን ይምረጡ።

አገባቡ ቀላል ነው፣ ግን ሰው ክሩን ሳይፈታ ሊያስገባ ይታገላል። ክሩን ቢያንስ ግማሽ ድረስ አላላው፣ ምላሱን ወደ ፊት ጎትት። ፊቱን አስቀድመህ እስከ አፍንጫው ድረስ ግፋ፣ ከዚያ ተረከዙን ወደ ፊት እየገፋህ ሞላውን ጨምቀህ ወደ ታች አውርደው። ሲቀመጥ ይሰማሃል። ካስቸገረህ የጫማ ማንኪያ ከኋላ አስገባና በእሱ ላይ አንሸራተው፣ የተረከዙ ገበር አይላጥም። ከዚያ በአውራ ጣትህ እጥፋቱ ያለበትን ቦታ ጫን በል። ቆዳው ተዘርግቶ እንጨቱ ከሥሩ ሊሰማህ ይገባል፣ ጣትህን ስታነሳ ግን እንደ ከበሮ የተወጠረ መሆን የለበትም። አዙረው፣ የኋላ ስፌቱ ቀጥ ብሏል? ከጎን እየው፣ ክሩ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁለቱ ረድፎች ከመጠን በላይ ተራርቀዋል? ከተራራቁ ፎርማው እንብርቱ ላይ ወፍሮብሃል ማለት ነው። ፎርማው ከገባ በኋላ ክሩን እንደገና ሸብ አድርግለት፣ አጥብቀህ ሳይሆን ምላሱ ቦታውን እንዲይዝ ያህል። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፣ ምላሱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ የሚቀረው ለዚህ ነው።

መቼ ይገባ? በደረቅ ቀን ከሆነ ስታወልቅ ወዲያው፣ ቆዳው ገና ሙቀቱ ሳይለቀው። ያኔ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይዘረጋል። ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ ካልክ ደርቆ ጠብቆሃል። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ፣ ከዚያ በኋላ ባይኖርም ግድ የለም። አንድ ጥንድ ይበቃሃል ያልኩህም ለዚህ ነው። ዛሬ ካወለቅከው ወደ ነገ ወደምታወልቀው ታዛውረዋለህ። በየጫማው አንድ ጥንድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ከተረፈው ይግዛ፣ እኔ ግን በዚያ ብር ሁለተኛ ጫማ ግዛ ነው የምልህ።

እንዲያውም እሱን ላንሳ። በየቀኑ አደርገዋለሁ ብለሃል። ችግርህ ግማሹ እዚያ ነው። የወፍራም ቆዳ ቡትስ በአንድ ሌሊት እስከ ውስጥ ሶሉ አይደርቅም። እጅህን ጠዋት ከትተህ ብትዳስሰው ገበሩ ደርቋል፣ ከእግርህ ሥር ያለው ቆዳ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ርጥበቱ ይሰማሃል። በዚያ ላይ ትለብሰዋለህ፣ ሌላ ላብ ይጨመርበታል። ፎርማ እያስገባህ በየቀኑ ከምታደርገው፣ ፎርማ ሳይኖርህ አንድ ቀን እያሳረፍክ ብታደርገው ይሻለዋል። ሁለቱንም ካደረግክማ ዓመታት ያገለግልሃል።

ዝናብ ከመታው ግን ፎርማውን ወዲያው አታስገባ። እዚህ ላይ ሊስትሮህ ትክክል ነው፣ ጋዜጣ። ርጥብ ቆዳ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ሞላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይገፋል። መጀመሪያ ጭቃውን በርጥብ ጨርቅ አንሳ፣ ክሩን ፍታ፣ የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ከሆነ አውጣው። ጋዜጣውን ጨምድደህ ላላ አድርገህ ሙላው፣ አትጠቅጥቀው። ከጠቀጠቅከው አየር አያገኝም፣ ቅርጹንም ያበላሻል። በሰዓት በሁለት ሰዓት ቀይረው፣ ርጥቡን ጋዜጣ ማሳደር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ገበሩ ነጣ ያለ ከሆነ ቀለሙ ይለቅበታልና ያልታተመ ወረቀት ወይም ሶፍት ተጠቀም። ጋዜጣ ራሱ በዚህ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም፣ የሠፈር ሱቅ ዕቃ የሚጠቀልልበትን ወረቀት ለምነህ ብትወስድም ያው ነው። ጫማውን በጎኑ አስተኛው፣ ሶሉም አየር ያግኝ። ውኃው ሲጠጣና ቆዳው ቀዝቀዝ የማለት ያህል ብቻ ርጥበት ሲቀረው ያኔ ፎርማውን አስገባ።

ከሰል አጠገብ፣ ምጣድ ሥር፣ ጣራ ላይ ፀሐይ ላይ አታስጣ። ይሄን ሰምተኸዋል፣ ግን ለምን እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው ውስጡ ያለው ቃጫ ይኮማተራል። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው ቆዳ እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሊቋቋም ይችላል፣ በእፅዋት ቅመም የለፋው ግን ርጥብ ሆኖ ገና 70ና 80 ዲግሪ ላይ ይኮማተራል። እንዳንተ ዓይነት ቡትስ የውስጥ ሶሉ ብዙ ጊዜ በእፅዋት የለፋ ወፍራም ቆዳ ነው። ከላይ ስታየው ደህና መስሎህ፣ ከሥር ሶሉ ተኮማትሮ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ማስቲሹም ይለቃል። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ፣ ትዕግሥት ብቻ።

ስለ ሻጋታው። የሻገተው አርጥበህ ስላስቀመጥከው ነው፣ ወይ ካርቶኑ ውስጥ ወይ ፌስታል ውስጥ። ሻጋታ የሚወደው ከ70 በመቶ በላይ ርጥበት ያለበትን ዝግ አየር ነው፣ ክረምት ላይ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይህ ሞልቶ ነው ያለው። ከቤት ውጭ ሆነህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን ጣለው። ከዚያ አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅለህ በሌላ ጨርቅ ውስጡንም ውጩንም እያሸህ ጥረግ። ቀለሙን እንዳይለቅ ከታች ጠርዙ ላይ አስቀድመህ ሞክር። ጥላ ላይ ሁለት ቀን ያህል ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባት ቀባው። ፎርማ ሻጋታን አይከላከልልህም። እንዲያውም ርጥብ ጫማ ውስጥ አስገብተህ ካርቶን ውስጥ ከዘጋህበት እንጨቱ ራሱ ይሻግታል። ክረምት ላይ ፎርማውን አልፎ አልፎ አውጥተህ ፀሐይ ስትወጣ አስጣው። እሱን ፀሐይ አይጎዳውም።

አንድ ጥቅም አለው ማንም የማያወራው፣ እኔ ግን ፎርማ ኖረኝ አልኖረኝ የሚያሳስበኝ በእሱ ጊዜ ነው። ጫማ ሲጸዳና ሲቀባ። ባዶ ቡትስ ስትቦርሽ እጥፋቱ ይታጠፋል፣ ብሩሹ በላዩ ላይ ያልፋል፣ ቅባቱም ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ፎርማ ሲገባበት እጥፋቱ ይዘረጋል፣ ውስጡ የተደበቀው አቧራ ይወጣል። መጀመሪያ ቦርሽ፣ በርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባቱን በጣትህ ወይም በጨርቅ በስሱ እጥፋቱ ላይ አሽ። ሌሊቱን ፎርማው ውስጡ እንዳለ ይደር፣ ጠዋት ቦርሸው። ፈሳሹን ቀለም ግን ይህ ቡትስ ላይ ባታስደርግ ደስ ይለኛል። ላይ ላዩን ሽፋን ይሠራል፣ ሽፋኑ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቅና ጫማው የተሰነጠቀ ያስመስለዋል። ሊስትሮህን በሚታሸው ቀለምና በብሩሽ ብቻ ሥራልኝ በለው። ያውቅበታል፣ እንዲያውም የእጁ ጉልበት ካንተ ይሻላል። ስትሄድ ፎርማውን ይዘህለት ሂድ፣ እግርህ ላይ እያለ ከሚሠራው ይለያል።

አናጢ ላሠራ ወይ ላልከው፣ ይቻላል። ሞላ ያለው ሥራ ግን አይወጣለትም፣ ለሠሪውም ለአንተም ጣጣ ነው። ድሮ የነበረው፣ ለረጅም የፈረስ ቡትስ ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ይሻላል። ሦስት ቁራጭ ነው፦ የፊቱ፣ የተረከዙ፣ በመካከላቸው የሚገባ ሽብልቅ። ፊቱንና ተረከዙን ታስገባለህ፣ ሽብልቁን ከላይ ቀስ አድርገህ ትሰካለህ፣ ሁለቱን ገፋ አድርጎ ያቆማቸዋል። ሽብልቁን በመዶሻ አትምታ፣ በእጅ ብቻ። ለአናጢው ቡትሱን ራሱን ውሰድለት። በሥዕል አስረድቼ ያማረ የወጣልኝ የለም። ሲሠራ ከጫማው ውስጥ በየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያሳንሰው፣ ጠርዝ አይኑረው፣ ሁሉም ክብ ይሁን፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይጥረገው። ቫርኒሽ አይቀባ።

እንጨቱ ጥድ ቢሆን የፈረንጆቹን አገኘህ ማለት ነው፣ ግን ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው። የቤት ዕቃ ከተሠራ በኋላ የተረፈ ቁራጭ እንጨት ቤት ውስጥ ካለ ግን ከመማገድ ፎርማ ቢሆን ይሻለዋል። የደረቀ የዋንዛ ቁራጭም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ አይሆንህም፣ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድማ ርጥበት ሲነካቸው አብጠው ይፈርሳሉ፣ ጫማህ ውስጥ አብጠው አስባቸው። እንጨት ሠሪ ዘመድ ካለህ ሞክረው። ወንድምህ የሚመጣ ከሆነ ግን ልፋቱ ምን አስፈለገ? አሜሪካ ደህናው ሲዳር ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ይገኛል፣ ክብደቱም ሁለቱ ላይ አንድ ኪሎ ቢሞላ ነው። 23 ኪሎ ሻንጣው ውስጥ ካልተጨናነቀ፣ አዲስ ጫማ ለሰው የሚያመጣ ከሆነ ጫማው ውስጥ ከቶ ያምጣው።

የባለቤትህ ቡትስ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚወድቀው አንገቱ ስለሆነ የእግር ፎርማ አይረዳትም። ታጥፎ ሲያድር ቁርጭምጭሚቱ ላይ በአንድ መስመር ይሰበራል፣ ቆዳው ስስ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ዚፑም በዚያው ቦታ ይበላሻል። የሚሸጥላቸው ረጅም መወጠሪያ አለ፣ ግን ለእሱ ገንዘብ አታውጣ። ደረቅ ካርቶን ቆርጠህ ከባቷ ትንሽ እንዲቀጥን አድርገህ ጠቅልለው፣ ከውስጥ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ አፉ ድረስ ይቁም። ካርቶኑ ራሱ ሊከፈት ስለሚገፋ አንገቱን ይዞ ያቆመዋል፣ በላይ በኩልም ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባል። ብዙ ሰው ባዶ ሃይላንድ ይከታል። ያቆመዋል፣ ግን ጫማው በደንብ ሳይደርቅ ከተከተተ ላቡን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ለማስቀመጥ ብቻ ይሁን። ዚፑን ዘግታ ታስቁመው፣ ክፍት ሆኖ ከቆመ ጥርሱ ይጣመማል። ቦታ ከሌላችሁና የግድ መተኛት ካለበት፣ ሁለቱን በጎናቸው አስተኝታ በመካከላቸው ጨርቅ ታድርግ እንጂ አንገቱን አታጥፈው።

ወንድምህ እስኪመጣ ደግሞ ባዶውን አትተወው። ወረቀት ጨምድደህ ፊቱን ብቻ፣ እጥፋቱ እስኪዘረጋ ድረስ ሙላው፣ አንገቱን ክፍት ተወው። ቀና ያለው አፍንጫ ትንሽ ዝቅ ይልልሃል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይመለስም። ፎርማው እንደመጣ አስገብተህ ከላይ የነገርኩህን የአውራ ጣት ነገር አድርግና የኋላ ስፌቱን ከኋላ፣ ክሩ ያለበትን ከፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ልክ ካልሆነ ወንድምህ ሳይመለስ ነው ማወቅ ያለብን፣ እሱ ይዞት ይሄድና ይቀይርልሃል።